የዘነበች ዓይንና የወርቁ አፍ

ባለፈው ሰሞን የደም ግፊት ክኒኔን ልወስድ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው መድኃኒት ቤት ገብቼ ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆመችውን ሴት ከጀርባዋ ዐወቅኋት። ዘነበች ነበረች። ይህን ያህል ዘመን ያወቁትን ሰው ለመለየት ፊቱን ማየት አያስፈልግም። እኔ ዘነበችን የምለያት በአቋቋሟ ነው፤ የትም ብትቆም የሰው ቤት ደጃፍ ላይ «ግቢ» እስክትባል የምትጠብቅ ትመስላለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰብሰብ ብለን ምሳ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ከቀረች ወራት ሆኗታል፤ ስደውልላት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያለች ትሸነግለኛለች። ልጠራት ስል፣ መድኃኒት የምታድለው ልጅ የዓይን ጠብታውን ዋጋ ነገረቻት። ዘነበች «ኦኬ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብላ ዞረች። ክንዴን ልትነካው ምንም ሳይቀራት በአጠገቤ አለፈች። አላየችኝም።

«ዘኑ!» አልኳት ከኋላዋ።

ፈለገችኝ። አንገቷን ብቻ ሳይሆን ትከሻዋንም ወገቧንም አዙራ ነው የፈለገችኝ፤ ስታገኘኝ ፈገግታዋ እንደ ድሮው ቶሎ መጣ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ሰው እንደዚያ ሲዞር ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ክፉኛ ደነገጥኩ። እጇን ይዤ ወጣን። እሷ እያወራች ከእግረኛው መንገድ አንድ እግሯን ወደ አስፋልቱ ስታወርድ፣ ከግራ በኩል የመጣ መኪና ጥሩምባውን አንባረቀብን። በኮቷ ጎትቼ መለስኳት።

«የግራ ዓይንሽ አያይም፣ አይደል?»

«ኧረ ጭላንጭል አለው። የዓይን ግፊት ነው አሉኝ። ጠብታ ነበረኝ፣ አለቀ።»

«ሲያልቅ ሌላ አይሰጡሽም እንዴ?»

«ሜዲካሉን ካንስል አደረግኩት እኮ፣ እትዬ ሰብለ።»

ሜዲካል የሚሉት ስቴቱ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው ነፃ ሕክምና ነው። ዘነበች ስልሳን ተሻግራለች፣ ለእኛ ለሽማግሌዎቹ የሚሰጠው ሜዲኬር ግን ገና አልደረሰላትም። ካሸር ሆና የምትሠራበት የመኪና ማቆሚያም ማሽን ከተከለ ወዲህ ሰዓቷን ቆርጦባታል። ያለዚያ ካርድ የዓይን ሐኪም ደጅ አትረግጥም።

«ማነው የሰረዘብሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ። ጋሼ ወርቁ ዋስ እንዲሆኑልኝ ብዬ ነው።»

ጋሼ ወርቁ የምትለው ባሌን ነው።

መኪናዬን ፓርክ ያደረግኩት ከጎን ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ነበር፤ በግራዋ በኩል ሆኜ ክንዷን ይዤ እየሄድን፣ በዚህ ጎዳና ላይ ስንት ዘመን አብረን እንደተራመድን አሰብኩ። አሁን የሚያየው ሰው ፌርፋክስ ድሮም እንዲህ የነበረ ይመስለዋል። እኛ ስንመጣ በስማችን የተሰቀለ ሰሌዳ የለም፣ በርበሬ የሚሸጥ የለም፣ የአገር ልብስ የደረደረ መስኮት የለም። ያረጀ ወንበርና መብራት የሚሸጡ ሽማግሌዎች፣ ሳንቲም በልቶ የማይሠራ የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ኦሎምፒክ ከሚባለው ጎዳና ጋር ወደሚገናኝበት ጠጋ ስትሉ ደግሞ ትኩስ ዶናት በሳንቲሞች የሚገኝባት አንዲት ጠባብ ቤት ነበረች። ወርቁ ያኔ የምህንድስና ተማሪ ነው፤ ጎፈሬው በር የሚያስጎነብሰው፣ ቤል ቦተም ሱሪው ጎዳናውን የሚጠርግ። እኔ ደግሞ ባለ ወፍራም ሶል ጫማዬ ላይ ወጥቼ ከእሱ ትከሻ ልደርስ የምጣጣር ነበርኩ። የማታ ግብዣ ሲኖር የአገር ቤት ዘፈን በካሴት ይለቀቃል፤ ካሴቱ ብዙ ስለተቀዳ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል፤ እኛ ግን ግጥሙን ስለምናውቀው ግድ አልነበረንም። ከቤት ገንዘብ ይላክልን ነበር። አንድ ጊዜ አገር ቤት ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠና ገንዘቡ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት ለችግረኛ የሚያድለው አይብ ቤታችን የገባው። በሠፈራችን ያለ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን ከፍቶ ለመጣ ሁሉ ያድል ነበር፤ ረጅም ካርቶን ውስጥ እንደ ጡብ የተቀመጠ ቢጫ አይብ። ሐበሻ አይብ ከተባለ ደግሞ ሐሳቡ ወዲያው የሚሄደው ወደ ጎመን ነው። እኔ ሞኟ ጎመኔን ቀቅዬ፣ ቅመሜን አዘጋጅቼ፣ ያን ቢጫ ነገር ልፈረፍር ብዬ እምቢ ሲለኝ በቢላ ቆራርጬ ከትኩሱ ጎመን ጋር ቀላቀልኩት። ቀለጠ። ወርቁ ሲያወጣው ከድስቱ እስከ ሳህኑ ድረስ እንደ ገመድ ተሳበ። «ይኼ አይብ ሳይሆን ሙጫ ነው» አለና ድስቱን ጨረሰው። ካርቶኑን ከአዳራሹ ወደ ቤት የሚያመጣው በኮቱ ሥር ደብቆ ነበር። ሰው ካየው «ወተት ተትረፍርፎባቸው ነው፤ እኛ ባንወስድላቸው ገበሬዎቹ ይከስራሉ። እየረዳናቸው ነው» ይላል። ቀልድ መስሎኝ ከት ብዬ እስቅ ነበር። ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ሰውዬው እውነቱን መሸከም ስላቃተው ረጂ ሆኖ ተገኘ።

ጥቂት ዓመታት ቆይተው በሱዳን በኩል የወጡት ስደተኞች መድረስ ጀመሩ። የረድኤት ድርጅት ስም የታተመበት የፕላስቲክ ቦርሳ በደረታቸው ታቅፈው፣ የተሰጣቸው ኮት እጃቸውን ውጦት፣ ጸሐይ እየጠበሳቸው እንኳን ኮቱን አያወልቁም። ከነዚህ አንዷ ዘነበች ናት። ያገኘኋት ያ ሳንቲም የሚበላ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ የማሽኑን ክዳን ከፍታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ልብሱን በእጇ ታሽ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታናሽ እህቴ ሆነች። ለመጀመሪያዎቹ ወራት መንግሥት ለቤት ኪራይ ጥቂት፣ ለምግብ ደግሞ ፉድ ስታምፕ ይሰጣቸዋል። እኛ በቪዛ የመጣነው፣ የአይቡ ካርቶን ገና ከቤታችን ሳይወጣ፣ «እነዚህማ ዌልፌር ለምደው ቀሩ» ማለት ጀመርን። የሰዎቹ ሻንጣ እንኳን ገና አልተፈታም ነበር። ሻንጣ ካላቸው ማለቴ ነው።

ፉድ ስታምፑ ያኔ እንደ ቼክ ደብተር ያለ፣ ባለ ቀለም ወረቀት ነበር። ዘነበች ፌርፋክስ ውስጥ ልትጠቀምበት አትችልም፤ ሐበሻ ያያታል። «ጋርዴና የሚያውቀን የለም» ትለኛለች፤ እኔም በአሮጌ ቶዮታዬ፣ ለቤንዚኑ ከምታተርፈው በላይ እያወጣሁ፣ አገር አቋርጬ ጋርዴና ድረስ እወስዳታለሁ። አንድ ቅዳሜ እዚያ ገበያ ውስጥ ሩዝ መርጠን ስንዞር፣ ከወዲያኛው መደርደሪያ አንገቷን ደፍታ የምትሸሽ ሴት አየን። ሐበሻ ናት። ከዓሣው ዘንድ ሌላ ሐበሻ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤ ሕይወቱን ሙሉ ዓሣ ሲመረምር የኖረ ነበር የሚመስለው። ገንዘብ መቀበያው ጋ ደግሞ አንድ ባልና ሚስት ተለያይተው፣ እንደማይተዋወቁ ሆነው ተሰልፈዋል። ለካ ከፌርፋክስ የሸሸው ሁሉ የሸሸው ወደ ጋርዴና ነው! ዘነበች ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት የሩዙ ከረጢት ላይ ተደፋች። ማንም ግን ለማንም ሰላምታ አልሰጠም።

መኪናው ጋ ስንደርስ ያ ሳቅ ትዝ አለኝና ጎኔ ያለችውን ሴት አየኋት። ቀበቶውን ለማሰር መያዣውን በዳበሳ ትፈልጋለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያለ ጠብታ ያለሽው?»

«ከትንሣኤ ወዲህ።»

«ዘነበች! ታውሪያለሽ እኮ!»

«አንዱ አለኝ አይደል» አለች ቀስ ብላ። «ሶ፣ በአንዱ እህቴን አያታለሁ።»

እህቷ ብርቱካን ትባላለች። ዘነበች በእግሯ ከአገር ስትወጣ ጡት የጣለች ሕፃን ነበረች፤ አሁን የራሷ ፀጉር ሸብቷል። ከቤተ ሰቡ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ዘነበች ዜግነቷን እንዳገኘች አፕላይ አድርጋላት፣ ማመልከቻው ስንት ዘመን ተኝቶ፣ በመጨረሻ «ደረሰሽ» ተባለች። ግን የሚያመጣት ሰው ገቢ ካልበቃ ሌላ ሰው አብሮ መፈረም አለበት። ፈራሚው «ይህች ሴት በመንግሥት ላይ አትወድቅም፤ ብትወድቅ እኔን ጠይቁኝ» ብሎ ስሙን ያስይዛል። ወረቀቱ ስፖንሰር ይለዋል፤ እኛ ዋስ ነው የምንለው፤ ዋስ ደግሞ ለእኛ ቀላል ቃል አይደለም። የእኔ ጡረታ ብቻውን አልበቃም፣ የባሌም ፊርማ ያስፈልጋል ተባለ። በሩም በየጊዜው እየጠበበ ነው፤ የዛሬ ወር ይዘጋል የሚል ወሬ በየሳምንቱ ይመጣል።

ወርቁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህንን ሳልናገር ባልፍ እግዚአብሔርም አይወደውም። ለቅሶ ሲሆን ቀድሞ የሚደርስ፣ ማንንም ኤርፖርት የሚያደርስ፣ ኪሱ ክፍት የሆነ ሰው ነው። አፉ ግን ዳገት አይፈራም። ቶራንስ ያለ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ሆኖ ሲሠራ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ማታ አንድ ሰዓት ፍሪዌይ ላይ ቆሞ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ሬዲዮው ውስጥ አንድ የሚጮህ ሰውዬ ነበር፤ ስደተኞች አገሩን ሊበሉት መጡ፣ ግብራችሁን የሚውጡት እነሱ ናቸው እያለ የሚጮህ። ወርቁ መጀመሪያ ይሰድበው ነበር። ቆይቶ ዝም ብሎ ማዳመጥ ጀመረ። ቆይቶ ደግሞ እራት ላይ የሰውዬውን ቃል በአማርኛ እሰማው ጀመር። እኔ እንደሚገባኝ ነገሩ ፍርሃት ነው። አገሬው «እነዚህ ሊበሉን መጡ» ባለ ቁጥር፣ ወርቁ «እኔ ከነሱ አይደለሁም» ለማለት ይቸኩላል። ያንን ለማለት ደግሞ ከኋላው የመጣ ሰው በጣቱ ማሳየት ያስፈልገዋል። ከሁሉም ቅርብ የነበረችው ዘነበች ናት።

ዘነበች ደግሞ ይህ የሚገባት ሰው አልነበረችም። የመጀመሪያ ሥራዋን ያገኘች ጊዜ፣ ፉድ ስታምፑን የሰጠቻትን የዌልፌር ቢሮ ሠራተኛ ሳታመሰግን መቅረት ነውር ነው ብላ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ትልቅ ድፎ፣ በጥቁር አዝሙድ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ በአውቶቡስ ይዛው ሄደች። ሠራተኛዋ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ጉቦ መሰላት። አለቃዋ ተጠራች፣ ዘበኛው ተጠራ፣ ጨርቁ ተገለጠ። እኔ በስልክ ላስረዳ ተጠርቼ «ምስጋና ነው፣ በአገራችን እርዳታ ተቀብሎ ዝም ማለት የለም» ብል ማን ይስማኝ። ዳቦው ተመለሰ፤ ዘነበች አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ለተቀመጠው ሁሉ ቆርሳ አደለችው። ከዚያ በኋላ የመንግሥት እርዳታ ለዓመታት አልነካችም፤ ሰዓቷ ሲቆረጥና ዓይኗ ሲታመም ነው የተመለሰችው።

እንግዲህ ዘነበች ከምሳው ጠረጴዛ ከመቅረቷ በፊት የነበረው የመጨረሻ እሑድ። የጾም በያይነቱ ቀርቧል፣ ጠረጴዛው ሞልቷል። ዘነበች አንገቷን ሰበር አድርጋ የእህቷ ነገር መድረሱን፣ ዋስ እንደምትፈልግ ተናገረች። ወዳጅ ሁሉ እንጀራው ላይ አቀረቀረ። ወርቁ ግን ሰው ሲሰበሰብለት ዝም ማለት አይሆንለትም። «ለዘነበች ዋስ መሆን አልጠላም» አለ። «ግን ከመንግሥት ለሚጎርስ ቤት ስሜን አላስይዝም። መጀመሪያ እጅን መሰብሰብ ነው። እጇን ትሰብስብና ትምጣ፣ ያኔ እፈርማለሁ።» ከሁሉ በላይ የሳቀውና ጠረጴዛውን የመታው አለማየሁ ነው፤ ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ ወርቁን እንደ ታላቅ ወንድሙ የሚያይ ሰው። «ልክ ናቸው! ይህን አገር ያበላሸው ነፃ የለመደ ነው!» አለ። ዘነበች ወደ አፏ ያደረሰችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ቤት ስንገባ ወርቁን ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ። «ያንተ ልብ ሆስፒታል ገብተህ የተጠገነው በማን ገንዘብ ነው?» ብለው፣ «ሜዲኬር የከፈልኩበት ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። «ዘነበች ግብር ሳትከፍል ነው የኖረችው?» አልኩት። ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገው። ወሬው በዚያ ያለቀ መሰለን። ለካ እሷ ዘንድ መጀመሩ ነበር።

ከመድኃኒት ቤቱ በቀጥታ እኛ ቤት ይዣት ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ወርቁ ሶፋው ላይ ኳስ ያያል። ዘነበች ተቀመጪ ብትባል እምቢ ብላ ምንጣፉ መሃል ቆመች።

«ጋሼ ወርቁ፣ እጄን ሰብስቤአለሁ። ሜዲካሉንም ፉድ ስታምፑንም ካንስል አድርጌዋለሁ። እንግዲህ ይፈርሙልኝ።»

ወርቁ እሷን አየ፣ እኔን አየ። «የምን ፊርማ?» አለ።

ረስቶታል። ቃሉንም፣ ያን እሑድንም ረስቶታል። ብዙ ነገር ችዬዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሶፋው ላይ ያለውን ትራስ አንስቼ ባፍነው ደስ ይለኝ ነበር። ዘነበች በቁጣ ሳይሆን፣ ሕፃን የቃል ጥናቱን እንደሚወጣ፣ የተናገረውን ቃል በቃል ደገመችለት።

«እኔ እንደዚህ አልኩ?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

«ብለሃል።»

«ኧረ የጠረጴዛ ወሬ ነው እኮ! ሰው ሲጫወት…»

«እኔ ቃል መስሎኝ ነው፣ ጋሼ» አለች ዘነበች።

«የግራ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ወርቁ» አልኩት። «ጠብታውን በሜዲካሉ ነበር የምታገኘው። ካርዱን ስትመልስ ጠብታውም ቀረ።»

አላመነኝም። ተነሣና በግራዋ በኩል ተጠጋ፤ እጁን ፊቷ አጠገብ ከፍ አድርጎ አወዛወዘው። አልጨፈነችም። ቀስ ብላ ባዶውን ሶፋ እያየች «ወረቀቱን ይዤዋለሁ፣ ጋሼ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው» አለች። እሱ እኮ ጆሮዋ ሥር ቆሟል። የባሌ እጅ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እፈርማለሁ» አለ። «አሁኑኑ እፈርማለሁ። አንቺ ግን ነገ ሜዲካሉን ትመልሻለሽ።»

«አይሆንም።»

«ምን ማለትሽ ነው አይሆንም? ለእህትሽ ጉዳይ ምንም አይጎዳውም እኮ! ያንቺ ሕክምና ሌላ፣ የሷ ወረቀት ሌላ!»

«እሱን ጠበቃውም ነግሮኛል። ጠበቃው ወረቀቱን ነው የሚያውቀው። እኔ የማስበው ሰውን ነው። እህቴን ይዤ እዚያ ጠረጴዛ ስቀመጥ፣ ማንም ጉርሻችንን እንዲቆጥር አልፈልግም። እርስዎ ልክ ነበሩ፣ ጋሼ። ለምኖ ከማየት አለማየት ይሻላል።»

አንድን ሰው «ልክ ነበሩ» ብሎ እንደዚያ የገረፈ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እሷ ደግሞ ልትገርፈው አስባ አልነበረም፤ አምናበት ነው። ወርቁ ተከራከረ፣ ተቆጣ፣ ጠብታውን ከኪሴ ልግዛልሽ አለ። እሷ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። እኔ ቀኝ ዓይኗን እያየሁ ነበር፤ ያ ዓይንም ሊጠፋ ነው፣ በኩራት ሊጠፋ ነው፣ ኩራቱንም ያስተማራት እኛው ነን።

«በሞቴ!» አለ ወርቁ በመጨረሻ። «ዘነበች፣ አፈር ስሆን! ውሰጂው!»

ይህንን ቃል እሱ የሚያውቀው እንግዳ አልበላም ሲለው ብቻ ነው። ዘነበች ድምፁ ወደ መጣበት ዞረች፤ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ቢሮው ብቻዬን አልሄድም» አለች። «እርስዎ አብረውኝ ይሄዳሉ። መኪና ውስጥ ሆነው አይጠብቁኝም። ውስጥ፣ ሰው እያየዎት፣ አብረውኝ ይቀመጣሉ። ያለዚያ አልሄድም።»

ኳሱ ይጮኻል እንጂ ማንም አያየውም። እምቢ ይላል ብዬ ፈራሁ፤ እምቢ ካለ ከዚህ ሰው ጋር ከዚህ በኋላ እንዴት ማዕድ እቀርባለሁ ብዬ ፈራሁ። ወርቁ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?» አለ።

መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የግራ ዓይኗ አልተመለሰም። ቀኙን ግን ጠብታው ይዞታል፣ ሐኪሙም ተስፋ አለው። ወረቀቱ በሁለታችንም ስም ተፈርሞ ገብቷል፤ ብርቱካን እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ሆና ትጠብቃለች፣ እኛም እዚህ በሩ እንዳይዘጋ እንጸልያለን። ልናገር የፈለግሁት ግን በማግስቱ ጠዋት ስለሆነው ነው።

ወርቁ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ነበር የመጣው፤ ኤምባሲ የሚሄድ ይመስል ነበር። ቢሮው ሞልቷል፤ ልጅ ያዘለች፣ በትር የያዘ፣ ከሥራ ልብሱ ጋር የመጣ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው በፕላስቲክ ወንበሮቹ ላይ የተራ ቁጥሩን ይዞ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ ያያል። ወርቁ ከዘነበች በግራ ተቀመጠ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቱ ከኮሌታው ውስጥ ይገባል። ላብ ግንባሩ ላይ ይታየኝ ነበር። ቁጥራችን ሲጠራ እኔና ዘነበች ወደ መስኮቱ ሄድን፤ እሱ ቦርሳዋን ታቅፎ ብቻውን ቀረ።

እኔ ለዘነበች እያስተረጎምኩ በትከሻዬ ላይ አየዋለሁ። ከመጸዳጃ ቤቱ በኩል ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ሰው ወጣና ግድግዳውን ተደግፎ፣ ፊቱን ሰውሮ ወደ መውጫው መንሸራተት ጀመረ። በወርቁ ፊት ሳያልፍ መውጫ የለውም። ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ። አለማየሁ ነበር።

«ጋሼ ወርቁ?» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «እርስዎ… እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

ወርቁ ወደ እኛ አየ። እጁ ከቦርሳው ላይ ግማሽ ያህል ተነሣ፤ ወደ እኛ ሊጠቁም ነበር። «ሰው ላደርስ መጥቼ ነው» ቢል እውነት ነው፣ ማንም አይወቅሰውም። እጁ ተመልሶ ቦርሳው ላይ ወረደ።

«ሰው የሚያደርገውን ነዋ» አለ። «ተቀምጬ እጠብቃለሁ። አንተስ፣ ተራህ ደረሰ?»

አለማየሁ ኮፍያውን አወለቀ። ታክሲው ከቆመ ስንት ጊዜው እንደሆነ፣ ሚስቱ መታመሟን በኋላ ነው የሰማነው። ያን ጊዜ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አልፎኛል» አለ። «እርስዎን ከበሩ ሲገቡ ሳይዎት መጸዳጃ ቤት ገብቼ ተደበቅሁ። ቁጥሬን ሲጠሩ አልወጣሁም።»

ባሌ ተነሣ፣ ከረባቱን አስተካከለ፣ የአለማየሁን ክንድ እንደ ወንድም ይዞ ሰው ሁሉ እያየው ወደ አጠገባችን መስኮት መጣ። በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ ይናገርበት በነበረው ጥሩ እንግሊዝኛው፣ ሁላችንም እንድንሰማው ጮክ ብሎ፣ «ይቅርታ እመቤቴ» አላት ሠራተኛዋን። «ቁጥራችን አልፎናል።»